ከጣራ ገዳም እስከ ጣና ዳር፦ አንድ አካባቢና ብዙ የመመረቂያ ርዕሶች

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች የሚደረደሩት በየትምህርት ክፍላቸው ነው። የሥነ ሕይወቱ በአንድ መደርደሪያ፣ የኬሚስትሪው በሌላ፤ የጤናው፣ የግብርናውና የምህንድስናው ደግሞ በሌላ ግቢ፣ አንዳንዴም በሌላ ከተማ ይቀመጣሉ። አደራደሩ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይመቻል። ይሁን እንጂ አንባቢ ለአንድ አፍታ ይህን ሥርዓት ትቶ ጽሑፎቹን በተጠኑበት ቦታ ስም ቢያሰልፋቸው ፈጽሞ ሌላ ሥዕል ይታየዋል። ተለያይተው የኖሩ ርዕሶች ጎረቤት ይሆናሉ፤ አንዱ የጀመረውን ጥያቄ ሌላው ሳያውቀው ሲመልሰው፣ ወይም ሁለቱም አንድ ደጃፍ ላይ ደርሰው ሳያንኳኩ ሲመለሱ ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ አሰላለፍ በአንድ አካባቢ ላይ እንሞክረዋለን። ዓመተ ምሕረት ያልተባሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያመራው መንገድ ወረታን ካለፈ በኋላ የፎገራን ሜዳ ተከትሎ ይጓዝና አዲስ ዘመን ከተማ ይደርሳል። በከተማዪቱ አጠገብ በደን የተሸፈነው ተራራ ጣራ ገዳም ሲሆን በሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ከተራራው በስተ ምዕራብ ሜዳው ተዘርግቶ እስከ ጣና ሐይቅ ይዘልቃል። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞችም ይህንኑ ሜዳ አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከተራራው እስከ ሐይቁ ያለው ርቀት ከአንድ ቀን የእግር ጉዞ እምብዛም አይበልጥም። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ግን የዕፅዋት፣ የአፈር፣ የዓሣ፣ የነፍሳት፣ የሰብል፣ የከብት፣ የውኃና የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ ርዕስ አግኝተዋል።

ከላይ እንጀምር። ጣራ ገዳም ለዕፅዋት ተማሪ የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በዙሪያው ያለው መሬት ሲታረስና ሲመነጠር ገዳሙን ተገን አድርጎ የተረፈ ደን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2011 የጣራ ገዳምንና የአበባዬን ደኖች የእንጨትነት ባሕርይ ያላቸው ዕፅዋት ብዝኃነትና ራሳቸውን የመተካት ሁኔታ የሚመረምር ጥናት በአንድ የደን ምርምር መጽሔት ላይ ታትሟል። እንዲህ ያለው ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንግለጽ። ተማሪው ከተራራው ግርጌ እስከ ጫፍ መስመር ይዘረጋል፤ በመስመሩ ላይ በየተወሰነ ርቀት፣ ብዙውን ጊዜ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆኑ የናሙና ቦታዎችን በገመድ ይከልላል። በክልሉ ውስጥ ያለውን ወይራ፣ አጋም፣ ድግጣ፣ ክትክታ፣ ሌላውንም ሁሉ በስሙ ይመዘግባል፤ የማያውቀውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርጎ በመጫን አድርቆ ወደ አዲስ አበባው ብሔራዊ የዕፅዋት ስብስብ ማዕከል ይወስዳል። በዚያም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 በተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ጥራዞች እያመሳከረ ስሙን ይለያል። ቀጥሎ ዛፉን፣ ለጋውንና ቡቃያውን ለየብቻ ይቆጥራል።

የሥራው ቁም ነገር ያለው በዚህ በመጨረሻው ቆጠራ ላይ ነው። ጤናማ ደን ውስጥ ቡቃያው እጅግ ብዙ፣ ለጋው ያነሰ፣ ሽማግሌው ዛፍ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። የአንድ ዝርያ ሽማግሌዎች ቆመው ቡቃያ ከሌላቸው ግን፣ ደኑ ለዓይን ለምለም ቢመስልም ወራሽ የሌለው ቤት ሆኗል ማለት ነው። ከውጭ ሆኖ አረንጓዴነቱን የሚያደንቅ መንገደኛ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ተንበርክኮ ቡቃያ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

ቡቃያ ቢጠፋ፣ ከአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ዘር ደኑን አይመልሰውም ወይ? ይህ ራሱን የቻለ የመመረቂያ ርዕስ ሆኖ ቆይቷል። ደመል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ የኢትዮጵያን ደረቅ የደጋ ደኖች የዘር ባሕርይና ተሃድሶ የሚመለከት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከደን ውስጥ አፈር በየጥልቀቱ ይወሰዳል፣ በመስተዋት ቤት በሳሕን ላይ ይሰጣል፣ ውኃ እየጠጣ ምን እንደሚበቅልበት ይታያል። የሚበቅለው በአብዛኛው ሣርና ቅጠላቅጠል ነው። የብዙዎቹ የአገራችን ትላልቅ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም፤ ወይ ፈጥኖ ይበቅላል፣ ወይ ይሞታል። ስለዚህ ዛፉ የተቆረጠበት መሬት ከራሱ ማኅፀን ደን አያወጣም፤ ዘር የሚያቀብል ሌላ ደን በአቅራቢያው ሊኖር ይገባል። በደቡብ ጎንደር ይህን አገልግሎት የሚሰጡት የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ደኖች ናቸው። ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረው 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። ለቡቃያው ዋነኛ ጠላት ሆኖ የተገኘውም በየቀኑ የሚገባው ከብት ነበር። ከዚያ ወዲህ በበርካታ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ አጥር መካብ ተጀምሯል። ከመደርደሪያ ወጥቶ አጥር ለመሆን የበቃ የመመረቂያ ጽሑፍ በየቀኑ አይገኝም።

ጣራ ገዳም ከዚህም በኋላ ርዕስ መስጠቱን አላቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዛፎቹ ውስጥ የተከማቸውን ካርቦን የሚያሰላ ጥናት ታተመ፤ የግንዱ ውፍረት ከመሬት በ1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ላይ ይለካል፣ በቀመር ወደ ክብደት ይለወጣል፣ ከክብደቱም ግማሽ የሚጠጋው ካርቦን ተብሎ ይያዛል። በ2015 ደግሞ በጣራ ገዳምና በአምባ ደኖች ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ለመድኃኒትነት የሚጠቀሙባቸውን ከ160 የሚበልጡ ዕፅዋት የመዘገበ ጥናት ታትሟል። ይህ ሁለተኛው ከገመድና ከሜትር ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የባህል ሐኪም ዕውቀቱን ከአባቱ በምሥጢር የወረሰ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ መጣሁ ላለ ወጣት ሁሉ ሥሩንና ቅጠሉን ዘርዝሮ የሚነግርበት ምክንያት የለውም። በእኔ አስተያየት በዚህ ዓይነት ጥናት ላይ ከዝርያዎቹ ቁጥር ይልቅ ሊነገር የሚገባው ተማሪው ለሐኪሙ ምን መልሶ እንደሰጠ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ዛፍ በሁለት ዓመት የትምህርት ጊዜ ውስጥ ሲያድግ አይታይም። ተማሪው ገመዱን ዘርግቶ፣ ቆጥሮ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ይመለሳል፤ ተከታዩ ተማሪ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመጣ የራሱን ገመድ በራሱ ቦታ ይዘረጋል። ሁለቱም ጽሑፎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም በመካከላቸው ያለው ልዩነት የደኑ ይሁን የቦታው መረጣ አይታወቅም። የናሙና ቦታዎቹ ማዕዘኖች በብረት ችካል ቢታወቁና ዛፎቹ ቁጥር ቢለጠፍባቸው፣ የአሥር ተማሪዎች አሥር ርዕሶች አንድ የሃያ ዓመት ጥናት በሆኑ ነበር። ወጪው ጥቂት ኪሎ ብረት ነው። ችግሩ «የቀድሞውን መድገም» ለመመረቂያ አይበቃም የሚለው ልማድ ይመስለኛል።

ከተራራው ወርደን ሜዳው ላይ ስንደርስ ርዕሱ ሁሉ በውኃ ዙሪያ ይሆናል። በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. እንደሆነውም ርብና ጉማራ ከልክ ሲያልፉ ሕዝብ ያፈናቅላሉ። ገበሬው ይህን ውኃ ድሮ የሚጠቀምበት በሁለት መንገድ ነበር፤ ውኃ ለምዶ የኖረውን የፎገራ ከብት በማሰማራትና፣ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ በመዝራት። ሩዝ የመጣው ኋላ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተለመደ፤ ገበሬው ዛሬም በሰፊው የሚያውቀው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን የወረሰው ከዚያው ቦታ ነው። ቀድሞ ለሰብል የማይሆነው ረግረግ ሩዝ አበቀለ፤ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፤ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ለመሆን በቃች። የግብርና ተማሪዎችም በዝርያ፣ በማዳበሪያ፣ በአረም፣ በገለባው ለከብት መኖነት፣ በገበያው ላይ ጽፈዋል።

ይሁንና ሩዙ የበቀለበት ረግረግ ቀድሞ ባዶ አልነበረም፤ የከብት ግጦሽ ነበር። ግጦሹ ሲጠብ የፎገራ ላምም ከዚያው አብራ ቀነሰች። ዛሬ ንጹሕ የፎገራ ዝርያ የሚፈልግ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ባሕር ዳር አጠገብ ወዳለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይሄዳል። የሩዝ ምርት ማደግን የሚያበስረው ጽሑፍና የፎገራ ከብት መመናመንን የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ የአንድ መሬት ሁለት ገጾች መሆናቸውን የሚያስተውለው እንግዲህ ሁለቱንም መደርደሪያ የጎበኘ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ጓያ ጥቂት እንጨምር፤ የኬሚስትሪ ተማሪ ሜዳው ላይ ምን ይሠራል ለሚል ጥያቄ የተሻለ መልስ የለምና። ጓያ ድርቅንም የተኛ ውኃንም የሚችል፣ በፕሮቲን የበለጸገ ሰብል ነው፤ በችጋር ዘመን ሌላው ሲከዳ እርሱ ይቆያል። ነገር ግን ፍሬው ውስጥ በምሕጻር ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ጓያ ለተከታታይ ወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን ይህ ንጥረ ነገር የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል፤ ሰውየው እግሩ ይተሳሰርና በምርኩዝ ይቀራል፣ ጉዳቱም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ተዘዋውረው ያደረጉትን ዳሰሳ ሲያሳትሙ፣ በሽታው በረሃብ ዘመን ብቻ የሚነሣ አልፎ ሂያጅ ሳይሆን በገጠሩ ሥር የሰደደ መሆኑን አሳይተዋል። ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል። ነገሩ በቤተ ሙከራ ሲነገር ቀላል ነው። ጓያ በሚበላበት በድርቅ ዓመት ግን ለመዘፍዘፊያ የሚደፋ ውኃ፣ ለመቀቀያም የሚተርፍ እንጨት ከየት ይመጣል? ይህን ለመጠየቅ ከኬሚስቱ ጎን ውኃ ቀጂዋን የሚያነጋግር ሰው መቆም ነበረበት።

ወንዞቹን ተከትለን ሐይቁ ስንደርስ ዓሦቹን እናገኛለን። ጣና ሐይቅ በዓለም ሳይንስ ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ላቢዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች ናቸው። ለረጅም ጊዜ ሁሉም መልካቸው የተለያየ አንድ ዝርያ እንደሆኑ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ሌዎ ናገልከርከ የተባሉ ተመራማሪ በዋገኒንገን ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ግን በአፍ ቅርጽ፣ በአመጋገብና በመኖሪያ የተለያዩ መሆናቸውን አሳየ፤ 15 ዝርያዎችም ተለዩ። ከመካከላቸው ገሚሶቹ፣ በመንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖር፣ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው። የተወሰኑቱ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይዋኙና ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። መረቡም የሚጠብቃቸው በዚያው ወቅት፣ በወንዙ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በአሥር ዓመት ውስጥ ክምችታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ ማሽቆልቆሉን ዘግቧል። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችም የዓሦቹን ፍልሰት የተከታተሉ ጽሑፎች ቀርበዋል። በርብ ላይ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ ግድቡን የሚነድፈው የምህንድስና ተማሪ ስለ ደለልና ስለ ጎርፍ መጠን ሲያሰላ፣ ከግድቡ በታች የቀረው ጠጠር ለዓሣ መራቢያ ይበቃ እንደሆነ የሚጠይቀው የሌላ ትምህርት ክፍል ልጅ ነው።

እስካሁን ያየናቸው መለያየቶች ዋጋቸው ዛፍ፣ ላም ወይም ዓሣ ነበር። በሊቦ ከምከም ግን ዋጋው የሰው ሕይወት የሆነበት ጊዜ አለ።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ ነው። በወረዳው በቡራና በአካባቢው ቀበሌዎች የማይለቅ ትኩሳት ተነሣ። ሕሙማኑ ይከሳሉ፣ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸው ይወጠራል፣ ይሞታሉ። አካባቢው የወባ አካባቢ ነውና በሽታው ወባ ተባለ፤ መድኃኒቱ አልሠራ ሲልም መድኃኒት የተለማመደ ወባ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ካላዛር ይሆናል ብሎ ለመጠርጠር የሚያበቃ ምክንያት አልነበረም፤ ካላዛር በመጽሐፉ የቆላ በሽታ፣ የሑመራና የመተማ በሽታ ነበርና። ምርመራው ተደርጎ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነበር። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ የሞቱት ሰዎች ወባ እንደገደላቸው ተቆጥረው ተቀበሩ። ካልታከመ ካላዛር የሚምር ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ዘመን ላይ በተከፈተው ሕክምና በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከ2000 በላይ ሕሙማን ታክመዋል።

በሽታው ደጋው ላይ እንዴት ወጣ? መልሱ ቢያንስ በአራት የትምህርት ክፍሎች ተከፋፍሎ ነበር። ለሥራ ወደ ሑመራና መተማ የሚወርዱ ወጣቶች ጥገኛ ተሕዋሱን በደማቸው ይዘው ሊመለሱ እንደሚችሉ የሚያውቀው ስለ ጉልበት ሠራተኞች ፍልሰት ያጠና ሰው ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ፣ በተለይም ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ፣ በበጋ በሚሰነጠቅ ዋልካ አፈርና በግራር አካባቢ እንደምትኖር የሚያውቀው የነፍሳት ተመራማሪው ነው። የፎገራና የሊቦ ከምከም ሜዳ ዋልካ መሆኑን የአፈር ተማሪው በካርታው ላይ ቀለም ቀብቶታል። የማይድን ትኩሳት መብዛቱን ደግሞ የጤና ጣቢያው መዝገብ ይናገር ነበር። አራቱም ዕውቀቶች ወረርሽኙ ከመነሣቱ በፊት ነበሩ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ግን አልተገናኙም።

ወረርሽኙ ከታወቀ በኋላ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር በማነጻጸር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር፣ ቀን ከግራር ሥር መተኛት፣ እንዲሁም ውሻ ማሳደር ከበሽታው ጋር የተያያዙ ሆነው እንዳገኛቸው ዘገበ። ወደ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናት መታመማቸውም በሽታው እዚያው ሜዳው ላይ መተላለፍ መጀመሩን አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎች በዚህ አካባቢ ከትምህርት ቤት ልጆች የደም ምርመራ አንሥቶ እስከ ዝንቧ ባሕርይ ድረስ ጽፈዋል። ርዕስ ፍለጋ የሚንከራተት ተማሪ ዛሬ አዲስ ዘመን ቢወርድ ቀዳሚዎቹ ያነጠፉለትን መንገድ ያገኛል።

ገና ለአዲስ ተማሪ የሚሆን ርዕስም ሜዳው ላይ አለ። አንዱን እነሆ። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ የአሸዋ ዝንቧም ቀኑን በስንጥቁ ውስጥ ትሸሸጋለች። ሩዝ የተዘራበት ማሳ ውኃ በሚይዝባቸው ወራት ስንጥቁ ይደፈናል፤ ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲደርቅ እንደገና ይከፈታል፤ ከሩዝ በኋላ ጓያ በተዘራበት ማሳ ደግሞ ሰብሉ አፈሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ያቆየዋል ወይም ይመጠዋል። እንግዲህ ሩዝ መስፋፋቱ ለዝንቧ መሸሸጊያ አበዛላት ወይስ አሳጣት? ግጦሽ ሆኖ በቀረው ማሳ፣ ሩዝ ብቻ በሚዘራበት ማሳ፣ ሩዝና ጓያ በሚፈራረቁበት ማሳ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በየወሩ የዝንቧን ቁጥር ማወዳደር ይቻላል። ሥራው የአፈር ባለሙያ፣ የሩዝ ባለሙያና የነፍሳት ባለሙያ አማካሪዎችን በአንድነት ይፈልጋል፤ ይህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከገንዘብ ይልቅ ፊርማ የሚያስቸግርበት ጉዳይ ነው። ለመሣሪያው ግን ሰበብ የለም። የአሸዋ ዝንብ የምትያዘው በጉሎ ዘይት በተቀባ ነጭ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ማታ በስንጥቁ አፍ ላይ በእንጨት ተሰክቶ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቅ ይሰበሰባል። ተማሪው በሌሊት ወደ ማሳው ሲወጣ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበስ፤ ለማደርም ቢሆን ከግራር ሥር ሳይሆን ከአጎበር ውስጥ ይደር።